ለእናትሽ የተመረጠው ቅጠል

ስንዱ ጠዋት ጠዋት ቫይረስ ትፈለፍላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ሥራዋ፤ ባይሰለቻት ነበር የሚገርመው። ሀዋሳ ባለው ቤተ ሙከራ ሆን ተብሎ በቫይረስ እንዲታመም የተደረገ የትምባሆ ቅጠል ይጨመቃል። ከጭማቂው ቅርፊቱ፣ ማለትም ቫይረሱ የሚለብሰው የፕሮቲን ሽፋን፣ ይለያል። ባዶዎቹን ቅርፊቶች «ሸማኔው» የሚሉት ማሽን ደርድሮ ዓይን ውስጥ የሚለጠፍ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ስስ መረብ ይሠራባቸዋል።

የዛሬው መረብ ማየት ለተሳናቸው እናቷ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ ካለፈ የዓይናቸው ነርቭ ይሞታል ብለዋል ሐኪሞቹ። ሸማኔው ግን ሦስቴ ጀምሮ ሦስቴ ቆመ። ስንዱ ማሽኑን መሳደብ እንኳ ታክቷታል። ጭማቂውን መረመረች፤ አንድም ቫይረስ የለበትም።

ወደ ተክል ቤቱ ወረደች። ተክሎቹን የሚንከባከቡት ጋሽ ጡሚሶ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ገና አራት ወራቸው ነው።

«ጋሽ ጡሚሶ፣ የዛሬውን ከየት ነው የቀጠፉት?»

«ለማነጻጸሪያ ከተተከለው፣ ከጤነኛው መደብ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ለእናትሽ ነው ሲሉኝ በበሽታ የተዥጎረጎረውን እንዴት እሰጣለሁ? የደረሰውን በሽተኛ ሁሉ ጠራርጌ አቃጠልኩት።»

«የተዥጎረጎረውን ይቅጠፉ» ከማለት በቀር ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስንዱም አልነገረቻቸውም። ልትቆጣ ፈለገችና አቅም አጣች፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቱ የሚሠራው ከበሽታው እንደሆነ፣ ሌላ ተክል ታሞ እስኪደርስ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ማረፊያ ክፍላቸው ገቡና ጣሳ ላይ የተተከለች አንዲት ትምባሆ ይዘው መጡ። ቅጠሏ በሙሉ ተዥጎርጉሯል።

«አሳዝናኝ ወስጃት ነበር። አመድ ብል፣ ፍግ ብል አልድን አለችኝ።»

«ለአንድ ዓይን ትበቃለች» አለች ስንዱ።

ቅጠሎቹን ሽማግሌው ራሳቸው ቀጠፉ።

ቀዶ ሕክምናው በሰዓቱ ተደርጎ በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ እናቷ በቀኝ ዓይናቸው አዩ። ስንዱ አለቀሰች። በዚያ ሕንፃ ከእነዚያ ተክሎች አንዱን ለማዳን የሞከረ ሰው አይታ አታውቅም። የሞከሩት ጋሽ ጡሚሶ ብቻ ናቸው፤ ስላልተሳካላቸው ነው እናቷ ያዩት።

ሰኞ ወደ ሥራ ስትመለስ ቅጠል አልባውን ግንድ ውሃ ሲያጠጡ አገኘቻቸው።

«ብትድን ግን ለእናንተ አትጠቅምም አይደል?» አሏት።

«አትጠቅምም» አለች ስንዱ፤ ጣሳውንም ወደ ፀሐዩ አዞረችላቸው።