የሌለው ወረቀት

ስልሳ ሦስት በመቶ የሚባል ነገር የለም። የትም አልተጠናም፤ ማንም አልጻፈውም። ሬዲዮ የሚሏት ልጅ በግማሽ ፍጻሜው ክርክር ላይ፣ ሰዓቷ ሊያልቅ ሰባት ሰከንድ ሲቀራት፣ ከራሷ ያመጣችው ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር አሸነፉ።

አሁን ጓደኛዋ ፋይል አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያንን የሌለ ወረቀት እየፈለገች ነው።

«እዚህ ነው መሆን ያለበት» ትላለች ፋይል ለራሷ። «ከእንቅልፉ ጥናት ቀጥሎ ነው ያስገባሁት። ወይስ ከትራንስፖርቱ ጋር ቀላቀልኩት?»

ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማያርፍ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ አስተማሪው «ይህቺን ሬዲዮ የሚዘጋልኝ ማን ነው?» ካሉ ወዲህ በስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ናት። ፋይል ደግሞ ሰማያዊ ክላሰሯን ሳትይዝ ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም እየተባለ ይቀለድባታል። ክላሰሩ ውስጥ ስልሳ አራት ማስረጃ አለ። እያንዳንዱ በላስቲክ ኪስ ገብቷል፤ ከላይ ቁጥር፣ ከታች የተገኘበት ቦታ በእጅ ተጽፎበታል። ስልሳ አራቱንም የጻፈችው ፋይል ናት።

የትምህርት ቤቶቹ የንግግር ውድድር አራት ዓይነት ነው፤ አራቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ ይካሄዳሉ። ምድር ቤት ትረካ አለ፤ እዚያ ያለቅሳሉ፣ ይወድቃሉ፣ አምና አንዱ ስሜት ውስጥ ገብቶ ወንበር ሰብሯል። ከጎኑ የተዘጋጀ ንግግር ነው፤ እጅ የት ላይ እንደሚነሳ ሳይቀር ሦስት ወር የተጠና። ሦስተኛው ድንገተኛ ንግግር ነው። ከሳጥን ርዕስ ይወጣል፤ ሁለት ደቂቃ ይታሰባል፣ አምስት ደቂቃ ይወራል። ሬዲዮ ሁለት ዓመት የነገሠችው እዚህ ነው። በድንገተኛ ንግግር «አንድ ጎረቤታችን እንዲህ አሉኝ» ብሎ ጎረቤት መፍጠር ነውር አይደለም። የጎረቤቱን አድራሻ የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ክርክር ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ ተቃራኒው ወገን «ማስረጃችሁን አሳዩን» ካለ ደግሞ ወረቀቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ሬዲዮ ዘንድሮ ወደ ክርክር የመጣችው ፋይል ለምናት ነው። ፋይል ሰው ፊት ብዙ መናገር አትወድም። «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ አቀብልሻለሁ» ነበር ያለቻት።

ርዕሱ «ትምህርት ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ይጀመር» የሚል ነበር። ደጋፊዎቹ እነሱ ናቸው። ተቃራኒዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ በተለይ አንዷ መነጽራም ልጅ ነጥብ በነጥብ እያነሳች ታፈርሳቸው ነበር። ሬዲዮ የመጨረሻውን ደቂቃ ስትይዝ መሸነፋቸው ታውቋታል። ያኔ ነው አፏ ቀድሟት የሄደው።

«በስድስት ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ ዘግይተው መጀመር ከጀመሩ ወዲህ የወደቁ ተማሪዎች ቁጥር በስልሳ ሦስት በመቶ ቀንሷል!»

አዳራሹ አጉረመረመ። መነጽራሟ ተነሳች። «ወረቀቱን ማየት እንችላለን?»

እዚህ ላይ «ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሬዲዮ ግን ወደ ፋይል ዞረችና እጇን ዘረጋች። መቀስ አቀብሉኝ እንደሚል ሐኪም።

«ስድስቱ ትምህርት ቤቶች» አለቻት።

ፋይል ገለጠች፣ ገለጠች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ገለጠች። ግንባሯን አላበው። ሰዓት ያዡ ደወሉን ሲመታ ተነስታ ቆመች። «ይቅርታ፤ ወረቀቱ አለን። ያላገኘሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳኞቹ ማስረጃ ስላልቀረበ ሦስት ነጥብ ቀነሱ። ቁጥሩ ግን ጆሯቸው ውስጥ ቀርቷል። ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ እነ ሬዲዮ ወደ ፍጻሜው አለፉ።

ኮሪደሩ ላይ የክርክር ክበቡ አሠልጣኝ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪያቸው፣ ደስ አላላቸውም። «ለጥቂት እኮ ነው የተረፍነው!» አሉ ፋይልን እያዩ። «እሷ ትናገራለች፤ አንቺ ምንድን ነው ሥራሽ? ወረቀት መያዝ! አንድ ወረቀት!»

ፋይል አንገቷን ደፋች። ሬዲዮ ከጎኗ ቆማ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ታነብ ነበር። ማለት፣ ዓይኗን እዚያ ላይ ተክላ ነበር።

ከዚያ ነው ወደዚህ ባዶ ክፍል የገቡት። ፋይል ስልሳ አራቱን ወረቀቶች ከኪሳቸው አውጥታ ወለሉ ላይ ደርድራለች።

«ለፍጻሜው ሌላ ሰው ያቀብልሽ» አለች ቀና ሳትል። «ለቲቸር ነግሬያቸዋለሁ። ተጠባባቂዋ ትገባለች።»

«ምን ነካሽ? አባትሽ እኮ መጥቷል!»

የፋይል አባት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ለዛሬ ብሎ ፈረቃ ቀይሮ መጥቷል።

«አሞኛል እለዋለሁ» አለች ፋይል። «ደግሞ ፍጻሜውም ላይ ባጠፋውስ? እሱ እያየ?»

ሬዲዮ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ይህን አስልታዋለች፤ በማስላቷም ራሷን ጠልታለች። ከወር በኋላ ፋይል ራሷ ትረሳው ይሆናል። ይሆናል እንጂ ፋይል ምንም ነገር ረስታ አታውቅም። አሁን ግን ረሳሁ ብላ አምናለች፤ ያሳመነቻት ደግሞ ሬዲዮ ናት።

«ቆይ» አለች ፋይል በድንገት። «ምን ይመስል ነበር? ሰንጠረዥ አለው?»

«አዎ፣ አለው» አለች ሬዲዮ።

ምላሷ ነው የመለሰው፤ አሳቢነት የሌለው ምላሷ። የፋይል ፊት ግን በራ። «ሰንጠረዥ ካለውማ አገኘዋለሁ! ሰንጠረዥ ያላቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው!» ብላ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ መጀመሪያው ረድፍ ተመለሰች።

ሬዲዮ ከዴስኩ ላይ ቁልቁል አየቻት።

«ተይው» አለች።

«እንዴ፣ ዘጠኝ እኮ ነው—»

«የለም።»

«ሰንጠረዡ?»

«ወረቀቱ። ወረቀት የለም። ቁጥሩን ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ፋይል አንድ ወረቀት በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ሰንጠረዡንስ?»

«እሱንም።»

«አሁን? እዚህ ተቀምጠሽ?»

«አዎ።»

ፋይል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ቲቸር ሲቆጡኝ አጠገቤ ቆመሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማስታወቂያ ታነቢ ነበር። ስለ ምን ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«እኔ እኮ ዕቃ የሚጥል ሰው ሆንኩ ብዬ ፈርቼ ነበር። ራሴን ማመን አቅቶኝ ነበር።»

«እንድናሸንፍ ብዬ ነው። ላንቺም ብዬ—»

«ለኔ አትበይ።»

ከውጭ የድምፅ ማጉያው የክርክሩ ፍጻሜ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀመር ተናገረ። ሬዲዮ ከዴስኩ ወረደች።

«ዳኞቹ ክፍል ልሄድ ነው» አለች።

«ከነገርሻቸው ፍጻሜ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«መነጽራሟ ናት የምትገባው።»

«አዎ።»

«አባዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው» አለች ፋይል። «ሸሚዝ ተኩሶ ነው የመጣው። ምንድን ነው የምለው?»

ሬዲዮ ለዚህ መልስ አልፈጠረችም። ጎንበስ ብላ አንድ ወረቀት አነሳች።

«አትንኪብኝ! ቅደም ተከተሉን ታበላሺብኛለሽ።»

ወረቀቱን ወደነበረበት መለሰች። ፋይል እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሳቸው ማስገባት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆመች።

«ምን ልትያቸው ነው?»

«ቁጥሩን ፈጠርኩት። ጓደኛዬ አታውቅም ነበር።»

«እንዳታሳምሪው።»

«አላሳምረውም።»

«ሂጂ እንግዲህ» አለች ፋይል፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሬዲዮ ወጣች። ኮሪደሩ በልጆች ተሞልቷል፤ ሁለቱ ወደ ክፍሉ አንገታቸውን አስግገዋል። «ፋይል ናት እንዴ የምታለቅሰው?» አለ አንዱ። ሬዲዮ በሩን ከኋላዋ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ወደ ዳኞቹ ክፍል ሄደች።