ቆብ ያጠለቀው ቃጭል

ሶጎ ጎህ ሳይቀድ የት ሄዶ ነበር? እማማ ኪኑዮ ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምሮ ቢያወጡ ቢያወርዱት መልስ አላገኙለትም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅተው የልጅ ልጃቸውን ፍራሽ ሲዳብሱት ቀዝቅዞ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን ያው ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከተራራው ወረደና፣ «አያቴ፣ አቶ ሃታናካ ገደል ገብተው ሞተዋል» አላቸው።

አሁን ሬሳው በቃሬዛ ወርዷል። ከናጋኖ ከተማ የተጠራችው መርማሪ ሙናካታ ደግሞ እማማ ኪኑዮ በሚያስተዳድሯት የእንግዳ ማረፊያ ሰሌን ላይ ተንበርክካ ተቀምጣለች። አጭር ሴት ናት፤ ሻዩን ሳትጠጣ በመዳፎቿ አቅፋ ትሞቀዋለች።

«እማማ፣ ማለዳ ምን ሰሙ?»

«የሟቹን የድብ ማሸሻ ቃጭል። በአሥራ አንድ ሰዓት ደጄ ላይ እየተንቃጨለ ሽቅብ ሄደ።»

«ሶጎስ?»

«እዚሁ አጠገቤ ነበር። እንጨት እየፈለጠልኝ።»

እማማ ኪኑዮ መዋሸታቸውን ያውቃሉ። የዚህን ልጅ እናትና አባት ቀብረዋል፤ እሱን ደግሞ ለወህኒ ቤት የሚሰጡበት አንጀት የላቸውም።

ያስፈራቸው የትናንቱ እራት ነው። ሃታናካ የአንድ የብስክሌት ክለብ አለቃ ነበር። አባላቱ በጫካ የተሸፈኑ የተራራ በሮችን፣ በተራሮች መካከል ያሉትን ማለፊያዎች፣ በሚነዳው እየነዱ፣ በማይነዳው ብስክሌታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ያቋርጣሉ። ሶጎ በመጋዝና በማጭድ አራት ዓመት ደክሞ አንድ የተረሳ በር ከጫካው ፈልቅቆ አወጣ። ሃታናካ በሩን በራሱ ስም ካርታ ላይ አሳተመው። በእራት ላይም፣ «የጭነት ፈረስ መንገድ ይረግጣል እንጂ ስም አያወጣም!» ብሎ ሳቀበት።

ሶጎ ብድግ ብሎ፣ «ያው መንገድ አንድ ቀን ይውጥዎታል» አለው። ሁሉም ሰምቷል።

ሃታናካ ግን ሳቁን አላቆመም። ከክለቡ አብሮት ወደ መጣው ብቸኛ ጓደኛው ዞሮ፣ «አንተም ኢባራ ነገ ተኛ፤ ልብህ እንደ አሮጌ ጎማ ተንፍሷል። ከክለቡ ስምህን ሰርዤዋለሁ። ከእንግዲህ በአውቶቡስ ተከተለን» አለ። ኢባራም አብሮ ሳቀ።

መርማሪዋ መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ፉሳኤን ጠየቀቻት።

«እሱ በሩን ሲያቋርጥ እኔ በመኪና ዞሬ ማዶ እጠብቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ደረቅ ካልሲ ይዤ ጠብቄዋለሁ» አለች ፉሳኤ።

«አላለቀሱም።»

«ካልሲውን አጥፌ ልጨርስ። ከዚያ አለቅሳለሁ።»

ኢባራ ተከተለ። «ልቤ አላስነሳኝም። ጩኸት እስክሰማ ተኝቼ ነበር» አለ።

ሶጎ ግን፣ «በሩ ላይ ዛፍ ወድቆ ስለነበር ልቆርጠው ወጣሁ። ስመለስ ገደሉ ሥር አየኋቸው» አለ።

«አያትህ ቤት ነበር ይላሉ።»

ሶጎ ዞሮ አያቱን አያቸው። «አያቴ ተሳስታለች።»

የቤቱ በር ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ተያዩ። አንደኛው ወደ ሶጎ ተጠጋ። ላድነው ብዬ ገመዱን እኔው ፈተልኩለት፣ አሉ እማማ ኪኑዮ በልባቸው።

«ሁላችሁም ተሰብሰቡ። ቃጭል ያለው ቃጭሉን ያምጣ» አለች ሙናካታ።

ሁለት ቃጭሎች ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ የሶጎና የኢባራ። እሷ ሦስተኛውን፣ የሟቹን፣ ጨመረች። ትንሽ የቆዳ ቆብ እስከ አንገቱ አጥልቋል።

«አቶ ኢባራ፣ ይህ ቆብ ለምንድን ነው?»

«መንደር ስናልፍ የተኛ ሰው እንዳንቀሰቅስ እናለብሰዋለን። ጫካው ጫፍ ስንደርስ እናወልቀዋለን፤ ድብ ድምፅ ሰምቶ እንዲሸሽ። ሃታናካ ይህን የረሳን አባል በመንደሩ ሰው ፊት አንበርክኮ ይቅርታ ያስጠይቅ ነበር።»

«እንግዲያው እማማ፣ እንዲህ ያለ ሰው ማለዳ በደጅዎ ቃጭል እያሰማ አያልፍም።»

እማማ ኪኑዮ አንገታቸውን ደፉ። ሃምሳ ዓመት እንግዳ ሲቀበሉ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ድንጋጤ አስረስቷቸው ነው።

«ቃጭሉ ከጀርባ ቦርሳው ማንገቻ ላይ እንዲህ ቆብ እንዳጠለቀ ተገኘ» አለች ሙናካታ። «ማውለቁን ረስቶ ነው እንዳልል፣» ከኪሷ ሌላ ቆብ አወጣች፣ «ይኸው፤ ይህ ደግሞ ከሟቹ ደረት ኪስ የወጣ ነው። እሱስ አውልቆ ነበር። አንድ ቃጭል፣ ሁለት ቆብ።»

ሁለተኛውን ቆብ ከቃጭሉ አጠገብ አስቀመጠች።

«ገደል ለገባ ሰው ቃጭል ቆብ የሚያለብሰው ማን ነው? ዝም እንዲል የፈለገ። የሞተ ሰው ቃጭል ደግሞ አይጮህም። ሃታናካ ሁለት ክንዶቹ ተሰብረው፣ ደረቱ ደቅቆ፣ ድምፅ አጥቶ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ ይደውል ነበር። ሐኪሙ አርባ ደቂቃ ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል። ሶጎ፣ ያንተ ቆብ የት አለ?»

«ኖሮኝ አያውቅም። ድቦቹ ለፍሬ እስከ ጓሯችን ይወርዳሉ፤ እኛ መንደርም ውስጥ እናንቃጭላለን። ቆብ የእንግዶች ጨዋነት ነው።»

«የእርስዎስ፣ አቶ ኢባራ?»

«ጠፍቶብኝ ይሆናል።»

ፉሳኤ ካልሲውን አስቀምጣ ቃጭሉን አነሳች። የቆቡን ጠርዝ ገልብጣ አየችው። «የሁሉንም ቆብ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የባሌ በጥቁር ክር ነው። ይህ ቀይ ነው። ቀዩን ለአንተ ነው የሰፋሁት፣ ኢባራ።»



«አልገፋሁትም» አለ ኢባራ። «ስሜን እንዲመልስ ልለምነው ተከትዬው ወጣሁ። ሳቀብኝ። እየሳቀ ሲዞር እግሩ ከዳው። ወርጄ አየሁት፤ ይደውል ነበር። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ቃጭል ኋላ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጫካውን ያለ እሱ ልስማው አልኩ።»

«ሰሙት?»

«ወፎች ነበሩ።»

«ቆቡን ለምን ተዉት?»

«ትከሻው ገና ይንቀሳቀስ ነበር፤ ባወልቀው ይደውላል። ሲቆም ደግሞ ሶጎ ሲመጣ ሰማሁ፤ ሮጬ በጓሮ በር ገብቼ ተኛሁ።»

«እኔ እኮ እላይ ነበርኩ» አለ ሶጎ። «ብሰማው እደርስላቸው ነበር።»

ፖሊሶቹ ኢባራን ይዘው ወጡ። ፉሳኤም ከሬሳው ጋር ሄደች። ሙናካታ ማስታወሻዋን እያጠፈች፣ «ሥራዬን ያከበደው የእርስዎ ውሸት ነው፣ እማማ። እውነቱን ተናግሮ ሊታሰር የደረሰው ልጁ ነው» አለች። እጅ ነሥታ ሄደች።

አያትና የልጅ ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«አያቴ፣» አለ ሶጎ፣ «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

«ፈራሁ እንጂ… ልጄ፣ እናትህን ቀብሬ፣ አባትህን ቀብሬ… ፈራሁ።»

«አልጠየቅሽኝም እኮ። አንዴ ብትጠይቂኝ ምን ነበር?»

እማማ ኪኑዮ ዘወር ብለው ወፍራሙን ሹራብ ከመስቀያው አወረዱና፣ «ልበሰው፣ ይበርዳል» አሉት።

ሶጎ የተዘረጋውን ሹራብ አየው፤ አልተቀበላቸውም። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አንሥቶ ከቤት ወጣ።