ቆጡ የነበረበት ግድግዳ

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው አሸብር ከጋራው ቧንቧ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። አናቱ ተፈንክቷል።

ኢንስፔክተር እስከዳር ስትደርስ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋት፤ ሟቹን ያስጠጉት እትዬ ወሰንየለሽ፣ አናጢው ዛኪርና ጎረቤታቸው ሀፍሷ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ነገሯት፤ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ አዳለጠው። ሲናገሩ አንዳቸውም ዓይኗን አላዩም።

እስከዳር አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጠዋት ዘንቦ ግቢው ጨቅይቷል። ሟቹ ጫማ አላደረገም፤ የካልሲው ታች ግን ንጹሕ ነው። ባልዲም የለም። ኮሌታው ላይ፣ በደሙ ላይ ተደርቦ፣ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በጣት ቅርጽ ታትሟል።

የት ይተኛ እንደነበር ጠየቀች። እትዬ ወሰንየለሽ ወደ ቀበሌ ቤታቸው አስገብተው ጥግ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ አሳዩዋት። እስከዳር ጥላሸት የለበሰውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው። እርጥብ ነው።

«ዛኪር፣ አዲስ ልስን ላይ ጥላሸት የሚቀባው ለምንድን ነው?»

«አሮጌ እንዲመስል ነዋ» አለ ሳያስበው። ወዲያው አቀረቀረ።

ሦስቱንም እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ጭቃውን ረግጦ ወጥቶ ቢሆን ካልሲው በጨቀየ ነበር። ተሸክማችሁ ነው ያወጣችሁት። እዚህ ግድግዳ ላይ ደግሞ አራት የእንጨት ቀዳዳ ተደፍኗል። የሚተኛበት ቆጥ ነበረ፤ ከነሰውየው ወደቀ።»

ዛኪር የቆጡ ቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨት እንደነበር፣ ብረት ቢሆን እንደማይወድቅ አጉተመተመ። ቆጡን የሠራው ደንብ አስከባሪ በማይዞርበት በእሑድ ቀን ነበር። ከወደቀ በኋላ እንጨቱን ነቅሎ ወደ ሱቁ የወሰደውም እሱ ነው። ሀፍሷ ግድግዳው ሲለሰን በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ትጠብቅ እንደነበር ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጭቃው ያለው ደሙ ላይ ነው» አለች እስከዳር። «ቀዳዳው ሲደፈን ሰውየው ቆስሎ ነበር ማለት ነው። የሞተን ሰው ደግሞ ኮሌታውን ይዞ ቀና የሚያደርገው የለም። ውሃ ሊያጠጣው የፈለገ ሰው ነው እንዲህ የሚይዘው። ዛኪር እንጨት ያመላልሳል፤ ሀፍሷ በር ላይ ናት። እትዬ፣ ጥፍርዎ ውስጥ ጭድ አለ።»

እትዬ ወሰንየለሽ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ልስኑ ምን ያህል ፈጀ?»

«አንድ ሰዓት ይሆናል።»

«አምቡላንስ ሳይጠሩ?»

እትዬ ወሰንየለሽ ለእድሳት ፈቃድ ሁለት ዓመት እንደተመላለሱ ተናገሩ። በባለሙያ የተሠራ ፕላን አምጪ፣ ቋሚው ብረት ይሁን ተባሉ። የፕላኑ ዋጋ ብቻ ከአቅማቸው በላይ ነበር። ያለ ፈቃድ ሠርተው ከተገኙ ደግሞ ቤቱን ይነጠቃሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ጨርሺው ያለኝ እሱ ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ ግድግዳውን ጨርሺው፣ እኔ ደህና ነኝ አለኝ። ከዚህ ከወጣሁ በዚህ ኪራይ ማን ያስጠጋኛል አለኝ። እያየሁት ነበር፤ ደህና አልነበረም።»

ጥፍራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እሺ አልኩት» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። «እኔ ልለው የፈለግሁትን እሱ ስላለልኝ ደስ አለኝ።»