የሻዕባን ታንኳ ደንብ

«ፊትሽን አዙሪ!» አለ የሻው፣ በታንኳው ጭራ ላይ ቁጢጥ ብሎ የቁምጣውን ገመድ እየፈታ።

ጤናዬ ፊቷን አዞረች። ለእሱ ክብር ብላ አይደለም፤ ለዓይኗ አዝና ነው።

የታንኳው ባለቤት ሻዕባን መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣ። የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ ከግንድ በፈለፈላት ታንኳ የሰፈራ ጣቢያውን ልጆች ጠዋት የዳቡስን ወንዝ አሻግሮ ወደ ትምህርት ቤት ይወስዳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ያን ዕለት ከሰዓት ሌሎቹ ልጆች ቀድመው ተሻግረው፣ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የታንኳዋ ደንብ አጭር ናት። የቻለ ዳር እስኪደርስ ይቻል። ያልቻለ አመድ የተነሰነሰበት የዘይት ጣሳ ላይ ይቀመጥ፤ ሲወርድም ከወንዙ ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበረው።

«አንተ የሻው! ጣሳ አለ! ውሃ ላይ የለም!» ብሎ ጮኸ ሻዕባን።

«በጣሳ? ሕፃን ነኝ እንዴ? ወራጅ ውሃ ቆሻሻ አይዝም፤ ፋራ አትሁን። እኛ ወሎ እያለን…»

«እኛ ወሎ እያለን» ካለ በቃ፣ አለቀ። ወሎ እያሉ የየሻው አያት ነብር በጆሮው ይዘው ገበያ አውርደዋል። ወሎ እያሉ በጎቻቸው በቅሎ ያክሉ ነበር። እንዲህ ያለውን አገር ትተው በካሚዮን ተጭነው አሶሳ ድረስ ምን እንዳመጣቸው ግን አንድም ቀን አልተናገረም። ጤናዬም ከዚያው ከወሎ ናት። እሷ የምታስታውሰው በግ የለም።

የሻው ጨረሰ። ያን ቀን ከዳቡስ ጉማሬዎች አንዱ ጓዙን ሸክፎ ሱዳን ገባ ይባላል። ይህን ያወራው ሰው ቀጣፊ ነው፤ የገቡት ሁለት ናቸው።

ጉረኛው ያላወቀው ነገር ነበር። እነሱ በመጡበት ደጋ ውሃ ከዳገት ይወርዳል፤ የጣልከው ለታችኛው ጎረቤት ይደርሳል እንጂ ወደ አንተ አይመለስም። ዳቡስ ግን እዚያ ጋ ሲታጠፍ ይሰንፋል፤ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ኋላ ይዞራል። የሚዞረውም የሰፈራው ሴቶች ውሃ ወደሚቀዱበት ነው።

አመሻሽ ላይ የየሻው እናት እትዬ ሰገነት እንስራቸውን ሊነክሩ ጎንበስ ሲሉ አገኙት። ጩኸታቸው ባምባሲ ድረስ ተሰማ። ቤተሰብ መሆኑን ግን አላወቁትም።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የሻው ጤናዬን ከሰዉ ነጠል አደረጋት።

«ሻዕባን ጣሳውን ወንዙ ላይ ሲደፋ አይተሻል፣ አይደል?»

«ማን ሲደፋ?»

«አትቀልጂ! ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ አንቺንም ምስክር ቆጥሬሻለሁ። ለየቤቱ የሚታደለው ዱቄት በማን እጅ እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«አባትህን ፈራህ እንዴ? ነብር በጆሮ የሚይዝ ዘር አይደለህ?»

የሻው ጆሮው ቀላ። «ታያታለሽ» ብሎ ሄደ።

አባቱ ጓድ ሞላ የጣቢያው ሊቀመንበር ናቸው። ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ደንቆሮ ይመስል ይጮሃሉ።

«ባለፈው ክረምት በተቅማጥ ስንት ሕፃን ቀበርን? ይሄ ሰውዬ ደግሞ የምንጠጣው ላይ ጣሳ ይደፋል! ልጄ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ታንኳው ዛሬውኑ በመጥረቢያ ይፈለጥ!»

«እኔ?» አለ ሻዕባን። መጥረቢያ የያዘ ጎረምሳ ወደ ወንዙ ሲወርድ በዓይኑ ተከተለው። «እኔ ይሄ ውሃ እጠጣለሁ። ልጆቼ ይሄ ውሃ ይጠጣል። ታንኳ የለም፣ እኔ እንጀራ የለም።»

ሰዉ በአማርኛው ሳቀ። ጤናዬም ሳቅ አመለጣት። ወዲያው የራሷን ሳቅ ሰማችው፤ ቁርጥ የየሻውን ሳቅ። ከትናንት ጀምሮ በልቧ ስትንቀው የዋለችውን ሰው፣ ዝም ብላ ከተቀመጠች ልትመስለው ነው።

«ሁለተኛዋስ ምስክር የት አለች?» አሉ ጓድ ሞላ። «አንቺ ጤናዬ፣ ተነሽና መስክሪ!»

የሻው ከአባቱ ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት።

«ቤታችን ያለው ዱቄት እስከ ዓርብ አይደርስም» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው እናቷ ቀስ ብላ፣ የጤናዬን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ። «የሚሉሽን በይ፣ ልጄ።»

ጤናዬ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና ቆመች።

«ያየሁትን እናገራለሁ፣ ጓድ ሞላ» አለች። «እትዬ ሰገነት ግን ባይሰሙት ይሻላል።»