ለእንግዳ የተቀመጡ ድንጋዮች

በጨረቃ ላይ ስለ ድንጋይ ከትርንጎ በላይ የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ይህን የምትለው ራሷ ትርንጎ ናት፤ ቤት ውስጥ ሌላ የሚልላት ሰው ስለሌለ።

ድንጋይ ሲባል ውጭ ሜዳው ላይ የተዘራው አይደለም። እሱማ ሞልቷል፣ ማን ይፈልገዋል! ጣት የሚያህለው፣ ሲያልቅ ቻርጅ የሚደረገው የባትሪ ድንጋይ ነው። በዋሻ ከተማ የየቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር አየር ለማጣራት ብቻ ስለሆነ ግድግዳ ላይ እንዲሰካ የተፈቀደለት ቻርጀር ብቻ ነው። መብራቱም፣ መጥረጊያውም፣ ሰዓቱም በድንጋይ ይሠራል።

ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበላት።

"ይኼኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ቢቀመጥም ጉልበቱን አይጥልም" አላት።

"ትልቁ ቁጥር እያለ ትንሹን የሚገዛ ማን ሞኝ አለ?" አለችና ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸውን አራት ድንጋዮች አነሳች። ቻርጀሩንም እንደዚያው መረጠች። እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚመረምረው ቀርፋፋ ነው ብላ ተወችው፤ "ፈጣን" የሚል የተጻፈበትን ያዘች።

ቤት ገብታ ድንጋዮቹን ሞላቻቸው። ከዚያ ቡፌው ውስጥ፣ እናቷ ከምድር ይዛ ከመጣቻቸው ማንም ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን ደረደረቻቸው። ለእንግዳ ነዋ! ለራሷ አሮጌዎቹ ይበቃሉ። መጥረጊያው ግማሽ ክፍል ጠርጎ ይተኛል፣ መብራቱ ይርገበገባል። እናቷ የምትሠራው ጨረቃ ጫፍ ባለው የበረዶ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው። ትርንጎ ራቷን በድንግዝግዝ እየበላች የቡፌውን መስታወት ታያለች።

"እንግዳ ሲመጣ ታያላችሁ" ትላቸዋለች ድንጋዮቹን።

እንግዳ ግን አይመጣም።

ዛሬ መጣ። ታላቅ እህቷ ዓይናለም "ወጋገን" በምትባል መርከብ ተሳፍራ ወደ ጁፒተር እየሄደች ነው። ትርንጎ አምጪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አምጪ ማለት ሩቅ ያለን ሰው በብርሃን ስሎ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው፤ የማይችለው እንዲያቅፉት ማድረግ ብቻ ነው። መርከቧ ከዛሬ በኋላ አምጪው ከሚደርስበት ትርቃለች። ከዚያ ለዓመታት የተቀዳ ድምፅ እንጂ ፊት ለፊት መተያየት የለም። ለዚህች አንድ ሰዓት ትርንጎ ስንት ወሬ አጠራቅማለች!

የቡፌውን ድንጋዮች ከተተች። ወንበሩ ላይ ዓይናለም ተቀመጠች።

"ትርንጎዬ! ምነው ከሳሽ?"

"አልከሳሁም፣ መብራቱ ነው። ስሚኝማ፣ ስንት ነገር አለኝ መሰለሽ... ዓይንዬ፣ እግርሽ የት ሄደ?"

ቃል ደርሶ እስኪመለስ ትንሽ ይዘገያል። በዚያች መሃል ዓይናለም እስከ ወገቧ ጠፋች።

"የማን እግር?" አለችና ጨርሳ ጠፋች።

"ድንጋዩ ባዶ ነው" አለ አምጪው።

"ምን ማለት ባዶ? አንድ ቀን እንኳ ነክቻቸው አላውቅ!"

"ይህ ዓይነት ድንጋይ ሳይሠራበትም ጉልበቱ ይፈስሳል።"

ትርንጎ ከመጥረጊያው ሁለት አሮጌ ድንጋይ አውጥታ ከቡፌዎቹ ሁለቱ ጋር ቀላቀለች። ዓይናለም ለዓይን ጥቅሻ ያህል ታየችና ጠፋች፤ ባዶው ትንሽ የቀረውን ይዞት ወደቀ። ፈጣኑ ቻርጀር ውስጥ ከተተቻቸው። አጋላቸው፣ አጋላቸው፣ ቀይ አብርቶ ቆመ።

ፊት ለፊት ያለው በር የእትዬ ሸጊቱ ነው። ትርንጎ በዚያ ስታልፍ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ ነው። ብቸኛ ባልቴት አንዴ ከለመደችህ አትለቅህም ብላ። ዛሬ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

"እትዬ፣ ድንጋይ! አራት ድንጋይ ያውሱኝ! እህቴ ልትሄድብኝ ነው!"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"ፊት ለፊት ያለሁት ነኝ።"

"እእ፣ ሰላም የማትለዋ።"

እትዬ ሸጊቱ ውስጥ የሚሰማውን ዘፈን ከመሃል ቆርጠው ከማጫወቻው አራት ድንጋይ አወጡ። ቁጥራቸው ትንሽ፣ ቀለማቸው የተላጠ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሱ ናቸው።

"እነዚህ... ይሠራሉ?"

"ጠዋት እሞላቸዋለሁ፣ ማታ ይጨርሳሉ። ትወስጃለሽ ወይስ ልዝጋ?"

ወሰደች።

ዓይናለም ከነእግሯ ተመለሰች። ከሰዓቱ የቀረው ጥቂት ነው።

"ምን ልትነግሪኝ ነበር?" አለች።

ያ ሁሉ የተጠራቀመ ወሬ ከትርንጎ ጭንቅላት ብን ብሎ ጠፋ። "ረሳሁት" አለች።

"በቃ ዝም ብዬ ልይሽ።"

ዓይናለም እጇን ዘረጋች፣ ትርንጎም ዘረጋች፤ የነካችው ግን ጠረጴዛውን ነው። ከዚያ ወንበሩ ወንበር ብቻ ሆነ። ድንጋዮቹ ገና ጉልበት ነበራቸው። አሁን ያለቀው ሌላ ነገር ነው።

ትርንጎ ፊቷን ታጥባ ድንጋዮቹን ልትመልስ ሄደች። እስክትደርስ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተገልጦላት ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ እንደ አስተማሪ ጀመረች።

"እትዬ፣ ለካ ድንጋይ ለክፉ ቀን ብለው ሲያስቀምጡት ባዶ ይሆናል። ሰውም እንደዚሁ ነው። እርስዎን አስቤ አንጀቴን በሉት። ከእንግዲህ ብቻዎን አይሆኑም፣ እየመጣሁ አጫውትዎታለሁ።"

ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ፈነዳ። "ሸጊቱ፣ ዘፈኑን የት አደረስሽው?" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

እትዬ ሸጊቱ ድንጋዮቹን ከእጇ ለቀም ለቀም አደረጉ።

"ብቻዬን ነኝ ማን አለሽ? እዚህ ቤት ድንጋይ የሚያልቀው ሰው በዝቶ ነው። ብቻዋን ያለችው አንቺ ነሽ። በይ ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ አየር አታባክኚብኝ!"