ሰማያዊው ምሰሶ ሥር

«እጅሽን አምጪ» አለች ረቢያ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሷ ነክሳ።

ኢልሀም ግራ ቀኟን አየች። ከኋላቸው ግማሽ ደሴ ተሰልፏል። ከፊታቸው የፌስቲቫሉ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ከበሮ ይደለቃል፤ የድምፅ ማጉያው ጉምጉምታ ደረት ውስጥ ይገባል። እዚህ መሀል ቆሞ እንደ ሕፃን ክንድ ላይ ስልክ ቁጥር ማስጻፍ!

«አክስቴ፣ በአላህ፣ ሰው እያየን ነው። ቁጥርሽን በቃሌ አውቀው የለ?»

«በቃልሽ የምታውቂው ሳትደነግጪ ነው። አምጪ ብያለሁ።»

ረቢያ ብያለሁ ካለች አለች ነው። ኢልሀም ክንዷን ዘረጋች። ሌሎቹ ስምንት የክበቡ ልጆችም ተራ በተራ ዘረጉ። የመጨረሻዋ የኢልሀም የልብ ጓደኛ ሳምሪ ነበረች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ «እትዬ ረቢያ፣ ቆንጆ አድርገው ይጻፉልኝ፤ ታቱ ነው እላለሁ» ስትል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ረቢያም ሳቀች። እየሳቀች አንዲት ቁጥር አላጎደለችም።

ረቢያ የኢልሀም እናት ታናሽ እህት ናት። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላ ዓሣ እያጸዳች ትሸጣለች። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የትምህርት ቤቱ የባህል ክበብ ደሴ ላይ እንዲጫወት ሲጋበዝ፣ ክበቡን የሚመራው ቲቸር ዝናው አንድ ወላጅ አብሮ እንዲሄድ ለመነ። ይኸኛው ሥራ አለብኝ አለ፣ ያችኛዋ ወገቤን አለች። ረቢያ ቢላዋዋን አጥባ ሰቀለችና «እኔ አለሁ» አለች። ያን ጊዜ ኢልሀም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

እውነት ለመናገር ረቢያም የራሷ ጉዳይ ነበራት። የፌስቲቫሉን መዝጊያ የምትዘፍነው ስህን ናት፤ የአምባሰሏ ስህን፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣው ማሲንቆ መቺ። ረቢያ በልጅነቷ ካሴቷን ክሩ እስኪበጠስ ሰምታዋለች። መልኳን ግን አይታ አታውቅም። ለኢልሀም አምባሰል ዘፈን ያስተማረቻት ከዚያ ካሴት በቀረ ትዝታዋ ነው። ዛሬ ኢልሀም በዘጠኝ ሰዓት ትንሹ መድረክ ላይ ለብቻዋ የምትዘፍነውም ያንኑ ዜማ ነበር።

ገብተው ጥቂት እንደሄዱ ረቢያ ቆመች። ከጭማቂ ሻጩ ድንኳን አጠገብ፣ ከወገቡ በታች ሰማያዊ የተቀባ የኮንክሪት የመብራት ምሰሶ አለ። የምትገዛው በሬ ይመስል በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይኸ ዳርቻችን ነው» አለች። «የጠፋም፣ የፈራም፣ ውሃ የጠማውም እዚህ ይመጣል። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ቀኑን ሙሉ?» አለ ከበሮ መቺው ሙነወር።

«ቀኑን ሙሉ! ሰው ሲገፋችሁ መልሳችሁ አትግፉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጥፋችሁ በጎን በጎን ውጡ። ብቻውን የሚሄድ የለም፤ ሽንት ቤትም ቢሆን ሁለት ሁለት። የማታውቁት ሰው ኑ ቢላችሁ፣ ‹አክስቴን ልጠይቅ› በሉት። ደግ ሰው ከሆነ ይጠብቃችኋል።»

«ካልጠበቀስ?»

«ካልጠበቀማ ተገላገላችሁት!»

ቀጥላም የባሏን የሀሚዱን ነገር አወራች። ሀሚዱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ሲወርድ፣ በነሱ ቤት ደንብ አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ይዘፍናል። ታንኳ ላይ ያለው ድምፁን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ግን ዳር የቆመው ወንድሙ አላስችል ብሎት፣ በሌላ ታንኳ ሊፈልገው ገባ።

«ከዚያማ ሁለቱም ሲዞሩ አረፈዱ» አለች ረቢያ። «አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ ወደዚያ ሲቀዝፍ፣ ያኛው ተነስቷል። ጉሙ ሲገለጥ አንዷን ቄጠማ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ይዘው ተፋጠው ተገኙ!» ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሳቁ፣ ሳቁ። ግን ያዙት። አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይመጣል። ሁለቱም ከተነሱ ሁለቱም ጠፉ።»

ከዚያ በኋላ ያዩትን ለመናገር አፍ አይበቃም። ከየአውራጃው የመጣ ጭፈራ ሜዳውን ሞልቶታል። ትከሻው እንደ ውሃ የሚሄድ አለ፣ አንገቱ እንደ ሽቦ የሚጠማዘዝ አለ። በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው የሚራመዱ ተዋንያን ከሕዝቡ በላይ ያልፋሉ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ባንዲራውን ያርገበግበዋል። ኢልሀም አፏን ከፍታ ዞረች፤ በየመሀሉ እየመጣች ስታይ ረቢያ ያው ምሰሶዋ ሥር ናት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሳምሪ ኢልሀምን በክርኗ ጎሸመቻት። አጠገባቸው አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ጥሩ የለበሰ ወጣት ቆሟል።

«ከመድረክ ጀርባ ያስገባናል» አለች ሳምሪ ዓይኖቿ እያበሩ። «ስህንን በቅርብ እናያለን፣ ቪዲዮ ይቀርጸናል። ቲክቶክ ላይ ስንት ሰው እንደሚከተለው ብታዪ!»

«አክስቴን ልጠይቅ» አለች ኢልሀም።

ወጣቱ ሰዓቱን አየና፣ «እኔ ጊዜ የለኝም፤ የምትመጣ ትምጣ» አለ።

«ኧረ አታካብጂ፣ ፋራ አትሁኚ!» አለች ሳምሪ። «አሥር ደቂቃ ነው። ከጠየቁሽ ሽንት ቤት ሄዳለች በዪ። እሺ? ጓደኛዬ አይደለሽ?»

ኢልሀም አፏን ሳትከፍት ሳምሪ ሕዝቡ ውስጥ ገባች። ወጣቱ ሲዞር ባጁም ዞረ፤ ኢልሀም ጽሑፉን ያየችው በጨረፍታ ነው። ሐሳቧን ሰብስባ ሳታነበው ሄደ።

ምሰሶው ጋ ስትደርስ ረቢያ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። «ስምንት። ሳምሪስ?»

«ሽንት ቤት ናት።»

«ከማን ጋር?»

«ከ... ከሉብና ጋር።»

ሉብና የክበቡ ሌላዋ ዘፋኝ ናት። እዚያው ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብላ ጭማቂዋን ትጠጣለች። ረቢያ ሉብናን አየች፤ ኢልሀምን አየች። አልጮኸችም።

«ወላሂ በዪ» አለች ቀስ ብላ።

ኢልሀም «ወ...» ብላ ተወችው። መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ በአላህ ስም መማል ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ባጁ ላይ ያየችው ጽሑፍ አእምሮዋ ውስጥ ተገጣጠመ። ‹የንብ ማነብ ሥልጠና ተሳታፊ› ነበር የሚለው።

«አክስቴ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ከሰው ጋር ሄደች። ከመድረክ ጀርባ አስገባሻለሁ ያላት ሰው። ባጁ የዚህ አይደለም። የንብ ነው።»

«የምን?»

«የንብ! የንብ ማነብ!»

ረቢያ አንድም ቃል አልተቆጣችም። ወዴት እንደሄዱ፣ ምን እንደለበሰ ጠየቀች። የሳምሪን ስልክ አስደወለች፤ ተዘግቷል። ከዚያ ኢልሀምን በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ምሰሶው ላይ አስደገፈቻት።

«አብሽሪ። እኔ ለፖሊሶቹ ነግሬ እፈልጋታለሁ። አንቺ ከዚህ አትነሺ። ብትመለስ ሰው ማግኘት አለባት። ማንም ቢጠራሽ አትነሺ።»

ሄደች። ሻሿ ሕዝቡ መሀል አንዴ ታየ፣ ጠፋ።

አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ቲቸር ዝናው እየሮጠ መጣ። «ኢልሀም! ተራችንን አስቀደሙት። ነይ፣ ነይ፣ አሁን ነው!»

ኢልሀም ሦስት ወር ተዘጋጅታለች። አዲሱ ቀሚሷ ላይ ጥልፉን ራሷ ናት የጠለፈችው። «ቲቸር፣ አልችልም» አለች። «ሳምሪ ጠፍታለች። አክስቴ ልትፈልጋት ሄዳለች።»

ቲቸር ዝናው ፊቱ ተለወጠ። «ሌላ ሰው እዚህ እናቁም?»

ኢልሀም አሰበች። ሳምሪ ከሩቅ የምትለየው የማንን ፊት ነው? «ሉብና ትዝፈንልኝ» አለች። «ዜማውን ታውቀዋለች።» ሉብና ጭማቂዋን ጣል አድርጋ ተነሳች። ልጆቹ ሮጡ፤ እሷ ቀረች።

ከትንሹ መድረክ የሙነወር ከበሮ ተሰማ። የሉብና ድምፅ ገባ። ኢልሀም ከንፈሯን ነክሳ ሰማይ ሰማይ አየች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሁሉም ነገር ድርግም አለ። መብራት ጠፋ። የሁለቱም መድረክ ድምፅ ማጉያ ሞተ። ሜዳው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ መንሾካሾክ፣ ከዚያ «ምን ሆነ?»፣ ከዚያ መግፋት። አንዱ ወጣ ሲል ሌላው ተከተለ፤ ሕዝቡ ወደ በሩ መፍሰስ ጀመረ።

የሰው ጎርፍ ኢልሀም ላይ ደረሰ። እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ በጎን ወጣችና፣ ተመልሳ የምሰሶው መሠረት ላይ ወጥታ አቀፈችው። ከዚያ ሆና አየች፤ ራስ ብቻ ነው። ሻሽ፣ ቆብ፣ ነጠላ፣ ራስ። ጉም ማለት ይኸ ነው አለች በልቧ። እኔ ደግሞ ዳር ነኝ።

አፏን ከፈተች።

«ጉሙ ቢወርድብህ ዳርቻው ቢጠፋህ፣
ከቆምኩበት አልሄድ ድምፄ እስኪያመጣህ።»

መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛ ደገመችው። ሦስተኛ ላይ ረቢያ እንዳስተማረቻት ከሆዷ አወጣችው፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፣ እየፈለገች ነበር። ከሥሯ የሚገፉ ሰዎች ቀና አሉ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙና «ይበል!» አሉ። አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀመረች፤ አጠገቧ ያለው ተቀበለ። ወሎ ውስጥ አምባሰል ሰምቶ እየተጋፋ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ቆሞ ያጨበጭባል። ግፊያው ከምሰሶው ዙሪያ ረገብ አለ።

ስንት ጊዜ እንደደገመችው አታውቅም። ጉሮሮዋ ሲሻክር፣ በጭማቂው ድንኳን በኩል አንድ እጅ ከሰው በላይ ከፍ ብሎ ታየ። ክንዱ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለው።

ሳምሪ እግሯ ሥር ደርሳ ቁጭ አለች። አንድ ጫማዋ የለም።

«ከመድረክ ጀርባ አልወሰደኝም» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በኋላ በር ነው የወሰደኝ። ስልክሽን ስጪኝ፣ ቪዲዮ ልቅረጽሽ ብሎ ተቀበለኝና ዘጋው። ከዚያ ስቱዲዮ እንሂድ፣ ባጃጅ ቆሟል አለኝ። አክስቴን ልጠይቅ አልኩት። እጄን ያዘኝ። ጮህኩና ሰው ሲዞር ለቀቀኝ፤ ሮጥኩ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ሰዉ ይገፋኝ ጀመር፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ኢሉ... ድምፅሽን ይዤ ነው የመጣሁት።»

ኢልሀም ወርዳ አቀፈቻት። ረቢያ ሁለት ፖሊሶች አስከትላ ስትደርስ ሁለቱም እየተንሰቀሰቁ ነበር።

«እንኳን ጮህሽ፤ ደግ አደረግሽ» አለቻት ረቢያ ሳምሪን፤ ያለቻትም ይኸንን ብቻ ነው። እጇን ይዛ ወደ ፖሊሶቹ ድንኳን ወሰደቻት። ልጅቱ የወጣቱን መልክ፣ ባጁን፣ በሩን አንድ በአንድ እስክትናገር ድረስ ከጎኗ አልተነሳችም። ምሰሶው ሥር ግን ልጆቹን ሰብስቦ የተመለሰውን ቲቸር ዝናውን አቁማ ነው የሄደችው። ፖሊሶቹም ወጣቱን ኋላ በር ላይ፣ የሳምሪ ስልክ በእጁ እንዳለ ያዙት።

መብራቱ ሲመጣ ሰዓቱ ገፍቶ ነበር። የተማሪዎች ተራ ተዘለለ። ቲቸር ዝናው ሲነግራት ኢልሀም «እሺ» አለች፤ ሌላ ምን ትላለች? ቀሚሷን ወደ ታች አየች። ጥልፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፏል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከትልቁ መድረክ ማሲንቆ ተሰማ። ሜዳው በአንድ ድምፅ «ስህን!» አለ። ቲቸር ዝናው ልጆቹን ሁለት ሁለት አጣምሮ መራ። «ኢልሀም ነይ! በኋላ ቦታ አታገኚም!» አለች ሉብና እየሮጠች።

ኢልሀም ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞረች። ረቢያ ምሰሶዋ ሥር ናት። ከዚያ መድረኩ አይታይም፤ የጭማቂው ድንኳን ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። ረቢያ በእግር ጣቶቿ ቆማ አንገቷን ሰገገች፤ እንደማይሆን ስታውቅ ተረከዟን አወረደች። ከማሲንቆው ጋር ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጭፈራ እንዳላየች ኢልሀም የገባት ያን ጊዜ ነው።

ተመለሰች። «አክስቴ፣ ሂጂ እዪያት።»

«ልጆቹስ?»

«አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይመጣል አላልሽም? እኔ እቆማለሁ።»

ረቢያ ምሰሶውን አየች፤ ኢልሀምን አየች። «አንቺም እኮ ልታዪያት ነው የመጣሽው።»

«ሂጂ ብያለሁ» አለች ኢልሀም።

ረቢያ የራሷን ቃል ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። ሻሿን አስተካከለች። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ የረቢያን ካልሲ አድርጋ የተቀመጠችውን ሳምሪን እጇን ይዛ አስነሳቻት። «ነይ፤ ሁለት ሁለት ነው የተባለው።» ጥቂት ሄዳ ዞረች። «ጭማቂ ሻጩን አደራ ብዬዋለሁ፣ ካጠገብሽ አይሄድም። ንቅንቅ እንዳትዪ!»

«አልልም።»

ኢልሀም ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጠች። ከድንኳኑ ወዲያ ስህን ማዜም ጀመረች፤ ድምፅዋ ሻካራ፣ ያረጀ፣ ቀጥ ያለ። ኢልሀም አላየቻትም። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ በወዝ የደበዘዘውን ቁጥር ሳትነካካው፣ ከሕዝቡ መሀል የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ቆመች።