ጭፈራው የቀረበት ማስታወቂያ

በሲያትል ከተማ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ መስኮት ይበቃል። ጋሽ ብዙነህ ግን ቴሌቪዥኑ ካልነገራቸው በቀር ጃንጥላ አያነሱም ነበር።

ጋሽ ብዙነህ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በ1996 በሎተሪ ቪዛ ስመጣ ቼሪ ጎዳና በሚገኘው ቤታቸው አስጠግተውኛል፤ ውለታቸው አለብኝ። ከመኪና ማቆሚያው ሥራቸው ሲመለሱ የቴሌቪዥኑን ጀርባ እንደ በቅሎ መታ መታ ያደርጉና፣

«ይኼ ዕቃ እንዳይመስልህ፣ ይርጉ!» ይሉኛል። «መምህር ነው። አይታመም፣ አይቀር፣ ደሞዝ አይጠይቅ!»

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዓይን አፋርም ነኝ። «እሺ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

የዚህ መምህር ዋና ተማሪ የአምስት ዓመቱ ልጃቸው ፋኑኤል ነበር። እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት በማለት ጋሽ ብዙነህ ማንም በአማርኛ እንዳያናግረው ከልክለው ነበር። እናቱ እትዬ እናኑ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፤ እንግሊዝኛቸው «ደህና አደሩ» እና «ፎጣ ልጨምር?» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶች ይመጣሉ። ፋኑኤል ምንጣፉ መሐል ይቆምና የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን በቃሉ ያንበለብላቸዋል። የፍራሽ መደብሩን ስልክ ቁጥር እንኳ አንድ አኃዝ ሳይስት ይናገራል። ሁሉም ያጨበጭባል።

አንድ እሑድ አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «ለመሆኑ የቤታችሁን ስልክ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ያደርግለታል? ቤት ነው የሚውለው» አሉ ጋሽ ብዙነህ።

«ቢጠፋ ፍራሽ ቤት ይደውላላ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ብዙነህም ሳቁ። «አንቱ ደግሞ! ሶ፣ እንግሊዝኛውን አይሰሙም?»

«እሱንስ ሰማሁ። እኔ የምለው፣ ይኼ መምህርህ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ያያል?»

ይኼም እንደ ቀልድ ታለፈ።

በዚያ ክረምት የራስ ምታት ክኒን ማስታወቂያ በየግማሽ ሰዓቱ ይታይ ነበር። አንድ ሰውዬ ራሱን ይዞ «ኦ፣ ሕመሙ! ሕመሙ!» እያለ በእንግሊዝኛ ያቃስታል፤ ክኒኑን ሲውጥ ግን ተነሥቶ ይጨፍራል። ፋኑኤል ይህን ሲጫወት ከሰውየው ይበልጥ ነበር፤ በተለይ ጭፈራውን።

አንድ ዓርብ ማታ ፋኑኤል ግራ ጆሮውን ይዞ ማስታወቂያውን ጀመረ። ጋሽ ብዙነህ አጨበጨቡለት። ቅዳሜም ደገመው። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ጭፈራው ቀርቷል። እትዬ እናኑም ከሁለት ፈረቃ ደክመው ገብተው ሰሙት፤ ያው የለመዱት ማስታወቂያ ስለመሰላቸው ሳም አድርገውት ተኙ።

እሑድ እንግዶቹ ፊት «ኦ፣ ሕመሙ!» ሲል እንባው ወረደ።

«እዩት፣ እንባ ሁሉ ያመጣል!» አሉ ጋሽ ብዙነህ። «አክተር እኮ ነው!» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። «ዳንሱስ? ረሳኸው? ኦኬ፣ ከመጀመሪያው!»

ልጁ ጆሮውን እንደያዘ ከመጀመሪያው ጀመረ። እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ያን ቀን አልመጡም ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ልጁ...»

«ምን ሆነ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ።

«ምንም» አልኩ።

እትዬ እናኑ ከሥራ ሲመለሱ ፋኑኤል ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር። ግንባሩን ነክተው ጮኹ፤ እሳት ሆኗል። ትራሱ ላይ ከጆሮው የወረደ መግል ነበር። «ምንህን ነው ልጄ? የት ጋ ነው?» አሉ፣ ክልከላውን ረስተው። ልጁ አልገባውም። ለሕመም ያለው ቃል ከሰውየው የተማረው ብቻ ነበርና እሱኑ ደገመላቸው። እናቲቱ ደግሞ እሱ አልገባቸውም።

ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ውስጡ መጎዳቱን፣ ግራ ጆሮው እንደ ቀድሞው እንደማይሰማ ነገረን። ከዚያም «ሕመሙ ሲጀምረው ምነው አልተናገረም?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ብዙነህ እንግሊዝኛ አያቅታቸውም። የዚያን ቀን ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ መለሱ።

«ተናግሯል» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ተናግሯል። እኛ አጨበጨብንለት።»

ወላጆች ሆይ፣ ቴሌቪዥን አያስተምርም አልልም። ፋኑኤልን ብዙ አስተምሮታል። ነገር ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ መስማት የእኛ ድርሻ ነበር። የእኔ ጥፋት ከሁሉም ይብሳል፤ ጭፈራው መቅረቱን አይቼ ሰው አፈርኩ። ይሉኝታዬን ዛሬ ብጥለው ለዚያ ጆሮ መስማቱ አይመለስለትም።

ቴሌቪዥኑ አሁንም እዚያው አለ። ፋኑኤል እንደ ድሮው ስለማይሰማው ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ጋሽ ብዙነህ ማታ ማታ ያጠፉትና በልጁ ቀኝ በኩል ይቀመጣሉ። እጁን ይዘው የገዛ አካሉን ያስነኩታል፤ «ራስ። ዓይን። ጆሮ።»

«አሁን ደግሞ ‹አመመኝ› በል፣ የኔ ጌታ» አሉት አንድ ማታ።

«አመመኝ» አለ ፋኑኤል፣ ጥርት አድርጎ።

ከዚያም እስክናጨበጭብለት ድረስ ፊት ፊታችንን እያየ ቆመ።